በግራ በኩል ሁለት ጣት

የአደይ ኣስካልን አልጋ ያነሱት በመኪና ክሪክ ነው። ይበልጣል ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ክሪኩን ከራስጌው ሥር አስገብቶ እጀታውን ሲያዞር፣ የአማቱ አልጋ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱንና ትራስ ሥር ያለውን ዳዊት እንደያዘ ቀስ እያለ ተነሣ። ሚስቱ ፍሬወይኒ ትራሱ እንዳይንሸራተት በእጇ ደግፋዋለች። አደይ ኣስካል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አልጋው በቂ ከፍታ ሲያገኝ ይበልጣል በደረቱ ተኝቶ መጀመሪያ ጣውላውን፣ ቀጥሎ ጎማውን ጎትቶ አወጣ፤ በቦታው እስከ ማታ ብሎ ከጎረቤት የተዋሰውን ብሎኬት አስገባ። አራት የአልጋ እግር፣ አራት የላንድክሩዘር ጎማ። አንዱም ላይ አቧራ አልነበረም። አደይ ኣስካል ቅዳሜ ቅዳሜ አልጋቸው ሥር ሲጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሏቸው ስለኖሩ፣ ለበዓል የተቀባ ጫማ ይመስላሉ።

ጎማዎቹ አልጋ ሥር የገቡት ከአምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከሩቅ መሰማት በጀመረበት ሳምንት ነው። የአደይ ኣስካል ባል አቦይ ገብረተንሳኤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ፈትተው መኪናውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ጎማ የሌለው መኪና ማንም አይወስደውም ብለው ነው፤ ልክ ነበሩም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ግቢው ድረስ እየመጣ አይቶታል፤ መሣሪያ የያዘ፣ ወረቀት የያዘ፣ ምንም ያልያዘ። ሁሉም መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞሩትና «ጎማው የት አለ?» ይላሉ። አደይ ኣስካል አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ እንደ ልጅ ተንጠልጥሎ፣ «እንድዒ ወደይ» ይላሉ፤ እኔ ምን አውቄ ልጄ ማለታቸው ነው። አልጋው ለምን ያን ያህል ከፍ እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። አቦይ ገብረተንሳኤ መድኃኒት ከከተማው በጠፋበት ክረምት ሞቱ። አልጋው እንደ ከፍታው ቀረ፤ አደይ ኣስካልም በርጩማ እየረገጡ ወጥተው ይተኛሉ።

ዛሬ ጎማዎቹ የወጡት ሓወልቲ አካባቢ ቢሮ በከፈተ አንድ የጉዞ ድርጅት ምክንያት ነው። ድርጅቱ ቱሪስቶችን ወደ ዳሎል የሚያወርዱ መኪኖችን ለአምስት ወር ይከራያል፤ የሚመረምራቸው ግን ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ባለ ሦስት መስመር ወረቀት ሰጥቷል። ጎማው ከተሠራ ስድስት ዓመት ያላለፈው፣ ንዝረት የሚያበርደው ሾኩ ዘይት የማያንጠባጥብ፣ ከመሬት ያለው ቁመት በግራና በቀኝ እኩል የሆነ። መኪናው ካለፈ ይበልጣል ራሱ ይነዳዋል። በዩኒቨርሲቲው የአፈር ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነው፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቆ ተፈቅዶለታል፤ ከደመወዝ ጋር ከሚሠራው ብዙም ልዩነት አላገኘበትም። ካላለፈ ደግሞ የፍሬወይኒ ወንድም ኣለምሰገድ ያመጣው ገዢ ነገ ጠዋት ይመጣል። ሰውየው መኪናውን ለመንዳት አይደለም የሚገዛው፣ ለመበተን ነው። ሞተሩ ለአንዱ፣ በሮቹ ለሌላው፣ ወንበሮቹ ለአንድ ሻይ ቤት።

ኣለምሰገድ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ይበልጣል ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ለትምህርት መቀሌ የመጣ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ያልሄደ ሰው ነው። ከእነዚያ ዓመታት በኋላ ሁለቱ ወንዶች ስለ አንዳንድ ነገር ላለማውራት ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል፤ ስምምነቱ እየሰፋ ሄዶ አሁን የቀራቸው የአየር ጠባይ ብቻ ነው። መቀሌ ላይ ደግሞ አየሩ ብዙም አይለዋወጥ። ኣለምሰገድ ጥርሱን እየፋቀ መጥቶ ጎማዎቹ ሲገጠሙ ቆሞ አየ።

«ካለፈ ይቀመጥ» አለ። «ካላለፈ ሰውየው ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ነው።»

«እሺ» አለ ይበልጣል ብሎኑን እያጠበቀ።

«ዛሬ ሳይሞቅ አይቀርም።»

«ይሞቃል።»

ይበልጣል ልቡ የተረጋጋው በጎማው ነበር። አቦይ ገብረተንሳኤ ጎማዎቹን የገዙት በ2012 መስከረም፣ ትንሽ ትንሽ ብር ሲያጠራቅሙ ቆይተው ነው። ያን ዕለት ማታ ቤተሰቡን ግቢ አውጥተው በባትሪ እያበሩ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳዩ። 2012 ይላል። «የዘንድሮ ምርት ነው» አሉ፤ ልክ ራሳቸው ያመረቱት ይመስል። ስድስት ዓመት ሊያልፈው ገና ጥቂት ወር ይቀረዋል። ሾኮቹን ይበልጣል ባለፈው ወር ከተበተነ የፕሮጀክት መኪና አግኝቶ ለውጧቸዋል። ከፍሬወይኒ ዕቁብ የወጣው ስልሳ ሺህ ብር ደግሞ ለባሌስትራ ነው፤ መኪናውን ለሚሸከሙት ለእነዚያ ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች። አዲስ ባሌስትራ ከአዲስ አበባ እንደመጣ አንድ ነጋዴ ነግሮታል፣ ዋጋውም በዕቁቡ ልክ ነው።

መኪናው ከግቢው የወጣው እንደ ድሮው ወደ ግራ አጋድሎ ነው። አቦይ ገብረተንሳኤ ዘጠና ስድስት ኪሎ ይመዝኑ ነበር፤ ይህንን የሚያውቁት በየዓመቱ ጤፍ ሲያስመዝኑ ራሳቸውም ሚዛኑ ላይ ስለሚወጡ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ በግራ በኩል ያለው ባሌስትራ ቀስ በቀስ ተኛላቸው። የሓድነት ሰፈር ሰው መኪናውን በታርጋው ሳይሆን በማጋደሉ ነበር የሚያውቀው። ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ሙስሊማ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች፤ ፈገግ ማለት ጀምራ ሹፌሩን ስታይ ተወችው። «እኔማ አቦይ…» አለች። ይበልጣል እጁን አንሥቶላት አለፈ።

አቦይ ገብረተንሳኤን ያወቃቸው አማቱ ከመሆናቸው በፊት፣ በዚሁ መኪና ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ለመስክ ጉዞ ወደ ጨው ሜዳው ሲወርዱ፣ አቦይ ገብረተንሳኤ ተማሪዎቹን አሰልፈው እንደ ሙክት ገዢ አንድ በአንድ ተመለከቷቸው። መኪናው እንዲስተካከል ወፍራሞቹን በቀኝ፣ ቀጫጮቹን በግራ አስቀመጡ። እሱ ጋ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡ። «አንተ የትም ብትቀመጥ ለውጥ የለህም» አሉት፤ «ከኋላዬ ግባ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ተማሪ ሆኖም፣ ተቀጣሪ ሆኖም፣ እጮኛ ሆኖም፣ የሠርጉ ዕለት ሳይቀር ቦታው ያው ከሹፌሩ ጀርባ ነበር። ወደ ጨው ሜዳው የሚያወርደውን የበርሃሌን ቁልቁለት ያየው በአማቱ ማጅራት ጎን አሻግሮ ነው። ማጅራታቸው ላይ ሦስት እጥፋት ነበር፤ ሲቆጡ አራት ይሆናል። ካሴታቸው በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ነው፤ በመሃል ሲቆም እሳቸው ካቆመበት ይቀጥሉታል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ መስኮቱን ያወርዱና «አሁን ጨው ሸተተኝ» ይላሉ። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ጨው ሽታ እንደሌለው ሊያስረዳቸው ሞክሮ ጨው ሜዳው ዳር እስካለው እስከ ሓመድ ኢላ መንደር ድረስ አላናገሩትም።

የፍስሐ የጎማ ቤት አስፋልቱ ዳር ነው። አንድ ኮምፕረሰር፣ የተበሳ ከመነዳሪ የሚፈተሽበት ግማሽ በርሜል ውኃ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት አንድ ለስላሳ ድንጋይ። ፍስሐ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣውን ሁሉ መምህር ነው የሚለው፤ ይበልጣልም ማስተካከሉን ከተወው ቆይቷል። ለነፋስ ብቻ ነበር የቆመው። ፍስሐ ግን የፊቱን ጎማ ሊነፋ ተንበርክኮ ቀረ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ቁጥሩን ጠረገ፣ ወደ ሌላው ዞረ፣ አራቱንም አይቶ ተመለሰ።

«መምህር፣ ይቺን ቁጥር ማን አነበባት?»

«አቦይ ናቸው። ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት።»

«አይደለም እኮ ሓወይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ። ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ሃያኛው ሳምንት፣ አሥራ ሁለት። በእኛ 2004 ግንቦት ማለት ነው።» ጎማውን በጣቱ ሲጫነው ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታዩ። «አቦይ ሲገዙት ሰባት ዓመት ከመጋዘን ኖሮ ነው የወጣው። አሁን አሥራ ሦስት አልፎታል። ጥርሱ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ ግን ሞቷል። ይሄንን ይዘህ ጨው ላይ ብትወርድ አንዱ ይፈነዳል።»

ይበልጣል ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አቦይ ገብረተንሳኤን ያታለለ ሰው አለ ብሎ ማሰብ ራሱ ከበደው። ሲገበያዩ በጉን በጥርሱ፣ ጨርቁን በክሩ፣ ሰውን በጫማው የሚመረምሩ ሰው ነበሩ። «እሳቸው እንኳን ሳያውቁ ሞቱ» አለ።

ፍስሐ በርሜሉ ውስጥ እጁን ታጠበ። «ያውቁ ነበር» አለ። «በገዙ በሳምንቱ ለነፋስ መጥተው እኔው ነኝ የነገርኳቸው። አሁን አንተ ያለህበት ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጡት። ሻይ አስመጣሁላቸው፣ አልጠጡትም። ለማንም እንዳትናገር አሉኝ፤ በተለይ ለቤት። ለአንተ የነገርኩህ ከቤት ስላልሆንክ እንዳይመስልህ። ልትነዳው ነው፣ ለዚያ ነው።»

ይበልጣል ያን ዓመት አስታወሰ። ከመስከረም በኋላ አቦይ ገብረተንሳኤ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ወደ ዳሎል መውረድ አቁመው ነበር። በአዲሱ ጎማ የሚሄዱት ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ ነው፣ ያውም በዝግታ። ቤተሰቡ ጎማው እንዳያልቅ እየቆጠቡ መስሎት ይስቅባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ስልሳው ሺህ እዚያው ድንጋይ ላይ ሥራውን ቀየረ። ፍስሐ ከሌላ ፕሮጀክት መኪና የወረዱ፣ ከተሠሩ አራት ዓመት የሆናቸው፣ ግማሽ ጥርስ ያላቸው አራት ጎማዎች ነበሩት፤ ለአንዱ አሥራ ሁለት ሺህ ከአምስት መቶ። አዲስ ባሌስትራ የሚባለው ነገር ቀረ። የቀረው አሥር ሺህ አሮጌውን ባሌስትራ ለማስመታት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ያ ደግሞ የአያ ሃይለ ሥራ ነው። አሮጌዎቹን ጎማዎች ከኋላ ጫኗቸው። ፍስሐ «እዚሁ ልጣላቸው?» ሲል ይበልጣል «የአማቴ አልጋ ናቸው» አለ፤ ፍስሐም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

አያ ሃይለ የመኪና ባሌስትራ በመዶሻ እየመቱ ወደ ጥንቱ ጉብጠቱ የሚመልሱ ሽማግሌ ናቸው። የአቦይ ገብረተንሳኤን በየሁለት ዓመቱ ይመቱት ነበር። ክፉውን ጊዜ ገጠር ወንድማቸው ዘንድ ከርመው የተመለሱት ባለፈው ግንቦት ነው። መኪናው ሲቆም ቀና ሳይሉ የታችኛውን ብረት አይተው አወቁት። ሰላምታው እንደተለመደው ተጀመረ።

«ከመይ ውዒልካ፤ ልጆች ደሓን?»

«ደሓን።»

«ኣስካል ደሓን?»

«እግዚሄር ይመስገን።»

«ገብረተንሳኤስ ደሓን?»

«ደሓን» አለ ይበልጣል።

ሊዋሽ አስቦ አይደለም። ሰላምታ ሲወርድ መልሱ አብሮ ይወርዳል፤ መሃል ላይ አይቆምም። ሞተዋል ለማለት ሰላምታውን ማቋረጥ፣ መቀመጥ፣ እንዴት ሞቱ የሚለውን ከመጀመሪያው መጀመር፣ ከዚያም ከሽማግሌው ጋር ማልቀስ ያስፈልጋል። በዚያች ከተማ ያን ታሪክ ከመጀመሪያው ያልጀመረ ሰው የለም፣ ሁሉም ደክሞታል። ሰዓቱም ስድስት ከሩብ ሆኗል። ይበልጣል በኋላ እነግራቸዋለሁ ብሎ ስለ ዋጋው ተነጋገረ። ስምንት ሺህ አሉት፤ አልተከራከረም።

መኪናው ተነሥቶ ባሌስትራው እስኪወርድ፣ ቅጠል በቅጠል እስኪፈታ፣ እስኪመታ፣ እስኪገጠም ሦስት ሰዓት ተኩል ሄደ። አያ ሃይለ በእሳት አይሠሩም፤ እሳት ብረቱን ያሰንፈዋል ይላሉ። እያንዳንዱን ቅጠል መስፉ ላይ አጋድመው ከጫፍ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ጫፍ ትናንሽ ምት ይመቱታል፤ ያነሡታል፣ በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፣ እንደገና ያስተኙታል። ጥላሸት የጠገበው ግድግዳቸው በከሰል በተሠመሩ ቅስቶች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ቅስት የአንድ መኪና ነው፣ የአብዛኞቹ መኪኖች ባለቤቶች አሁን የት እንዳሉ አይታወቅም። ይበልጣል ጥላ ሥር ተቀምጦ ምቱን ሲያዳምጥ ዓይኑ ተከደነ። ድምፁ በርሃሌን ወርደው ሲያበቁ ከመኪናው ሥር ይሰማ የነበረውን ኳኳታ አስመሰለው። ያኔ አቦይ ገብረተንሳኤ «ይቺ የሃይለ መዶሻ ናት፣ እስካሁን እየመታ ነው» ይሉ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ መኪናው በአራት ጎማው መሬት ወረደ። አራት ጣት ያህል ከፍ ብሏል፤ ቆመው ሲያዩት የወጣትነት ፎቶውን ይመስላል። ይበልጣል ገብቶ ከሹፌሩ ወንበር ተቀመጠ። አያ ሃይለ ከፊት ለፊት ቆመው አዩት፤ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። መኪናው ወደ ቀኝ አጋድሏል። ይበልጣል ካወቀው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቀኝ።

«ውጣ እስቲ» አሉት። ወጣ። ባሰበት። «አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?»

«አዎ፣ አያ ሃይለ።»

«እሱስ?»

ይበልጣል ወደ ባዶው የሹፌር ወንበር ተመለከተ። አያ ሃይለ ግድግዳቸው ላይ ወዳለው አንድ ቅስት ዘወር ብለው አዩ፤ ከሥሩ በከሰል ሁለት አጭር መስመር ተሠምሯል። «እኔ በግራ በኩል ሁለት ጣት አስበልጬ ነው የምመታው» አሉ፤ «ሲቀመጥበት እንዲስተካከል። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።» ከዚያ መዶሻውን መስፉ ላይ አስቀመጡ፣ ቆባቸውን አወለቁ። «መቼ?»

«አራተኛ ዓመቱ ነው። መድኃኒት ጠፍቶ።»

ሽማግሌው አላለቀሱም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መኪናውን ረጅም ጊዜ አዩት። ቅር ያላቸው የአቦይ ገብረተንሳኤ ሞት ብቻ አልነበረም፤ ለሞተ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ በልኩ ሲሠሩ መዋላቸውም ጭምር ይመስላል። እንደገና ላውርደውና ላስተካክለው አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የቀረው፣ መንገዱም አለ። «ዘጠና ስድስት ኪሎ ነው የጎደለው፤ አንተማ ብዙም ለውጥ የለህም» አሉ መጨረሻ ላይ። «ድንጋይ ብትጭን ይጠይቁሃል።»

ሁለቱም እኩል ወደ አሮጌዎቹ ጎማዎች ተመለከቱ። አንዱ ጎማ ሃያ አራት ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱን ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ፣ ሁለቱን ከሥሩ ወለሉ ላይ ደርድረው በገመድ አሰሯቸው። ይበልጣል ተመልሶ ሲገባ አያ ሃይለ ከፊት ለፊት ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። «ልክ ነው» አሉ። «አሁን ተቀመጠ።» ከስምንቱ ሺህ ሁለቱን መለሱለት፤ እምቢ ቢልም ኪሱ ከተቱት።

ሓወልቲ ላይ የድርጅቱ መርማሪ አንዲት ወጣት ናት፤ ጁዋይሪያ ትባላለች፣ ከሰመራ ነው የመጣችው። ሰባት መኪና ተሰልፏል። ሦስቱን እዚያው ሁሉም እያየ መለሰቻቸው፤ የአንዱ ባለቤት ቆሞ ሲሟገታት ሜትሩን አሳየችውና ወደሚቀጥለው ሄደች። ይበልጣል ጋ ስትደርስ የአራቱን ጎማ ቁጥር በስልኳ መብራት አነበበች፣ ሾኮቹን በጣቷ ነክታ ጣቷን አየችው፣ ሜትሯን በግራ ዘረጋች፣ በቀኝ ዘረጋች። እሱ ሹፌር ወንበር ላይ እንደተጣበቀ ነው። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተች።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

«ጎማ ናቸው።»

«ጎማ መሆናቸውንማ አየሁ።» ቁጥሩን አነበበች። «ሃያኛው ሳምንት፣ አሥራ ሁለት። አቶ ይበልጣል፣ ይሄንን ለመጠባበቂያ እጠቀማለሁ እንዳይሉኝ።»

«አልልም። ለመንዳት አይደሉም። የቤት ናቸው፣ የአልጋ።»

ጁዋይሪያ ፊቱን አየችው፤ የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። ሰፈሯም እንዲህ ያለ ነገር ሳያጋጥማት አልቀረም፣ አልገረማትም። «እንግዲህ እዚያ ቦታ ሰው አይቀመጥም ማለት ነው» አለችና ወረቀቷ ላይ ስድስት ተሳፋሪ የሚለውን ሰርዛ አምስት ብላ ጻፈች። ከሥሩ ፈረመችበት።

ግቢው በር ላይ ኣለምሰገድ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«አለፈ» አለው ይበልጣል።

ኣለምሰገድ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አየው። «ከፍ ብሏል።»

«አራት ጣት።»

ኣለምሰገድ ስልኩን አውጥቶ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ፤ «ነገ እንዳትመጣ» ሲል ተሰማ። ተመልሶ መጣና ማንም ሳያዘው ገመዱን ፈትቶ የመጀመሪያውን ጎማ ትከሻው ላይ አደረገ። አደይ ኣስካል ደረጃው ላይ ቆመዋል። ይበልጣል ለእሳቸው የሚለውን መንገዱን ሙሉ ሲያጠና ነው የመጣው። ድርጅቱ ሌላ ዓይነት ጎማ ስለፈለገ ነው ይላል፤ ቁጥሩንም ዓመቱንም አያነሣም። ጎማዎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ የመኪናው ግራ ጎን ትንሽ ትንሽ እያለ ተነሣ። አራተኛው ሲወርድ፣ ይበልጣልም ከወንበሩ ሲነሣ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ቆመ።

«ዋእ» አሉ አደይ ኣስካል። «በዚያ በኩል ደግሞ ማን አለ?»

ይበልጣል ያጠናውን ትቶ የሆነውን ነገራቸው፤ ሰላምታውን፣ ደሓን ማለቱን፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች።

«ሃይለ ለእሱ ብሎ ነው የሠራው?»

«አዎ፣ አደይ።»

አደይ ኣስካል ከደረጃው ወረዱ። ፍሬወይኒን የአልጋቸውን በርጩማ አስመጡ፤ እሱን ረግጠው የሹፌሩን በር ከፍተው ወጡና ተቀመጡ። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው በዚያ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። እጃቸውን መሪው ላይ አላደረጉም፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ብቻ አዩ። መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ ወደ ቀኝ እንዳዘነበለ ቀረ። ትንሽ ቆይተው ወረዱ።

«መልሱት» አሉ።

«ምኑን?» አለ ኣለምሰገድ፣ የመጨረሻው ጎማ ትከሻው ላይ እንዳለ።

«ጎማውን። ከወንበሩ ኋላ።»

«አልጋዎስ፣ አደይ?» አለ ይበልጣል። «ለጉዞ ብቻ እየጫንኩ ስመለስ…»

«አልጋው ይውረድ። እነዚህ ጎማዎች ዳሎልን አላዩም።»

«አቦይ እየቆጠቧቸው ነበራ» አለ ይበልጣል፤ የቀረው ውሸት ይኸው ብቻ ነበር።

አደይ ኣስካል በሐዘኔታ አዩት። «ፍስሐ አላነበበልህም?» አሉ። «እኔ ቁጥር አላነብም፣ ወደይ። ግን አዲስ ጫማ ገዝቶ ከደጃፍ የማያልፍ ሰው አውቃለሁ። ጉልበቴን ይለኝ ነበር፤ በዚያ ጉልበቱ በየቀኑ እየተንበረከከ ያን ቁጥር ያየው ነበር። አታለሉኝ ማለት ከበደው። እኔም አልጠየቅኩትም። አልጋ ሥር ሲያስገባቸው ከሌባ እየደበቃቸው መስሏችኋል፤ እናንተ ነድታችሁ እንዳትሞቱ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ የሙስሊማ ሱቅ በር ሲዘጋ ይሰማል።

«ይሄን እያወቅሽ ነው በየቅዳሜው የምትወለውያቸው?» አለ ኣለምሰገድ።

«የአባታችሁ ናቸዋ» አሉ፤ ሲሉም ሁለቱንም ወንዶች ነበር የሚያዩት።

ኣለምሰገድ ጎማውን መልሶ አስገባ። ሁለተኛውን ከይበልጣል ጋር ተረዳድተው አነሡት፤ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ እዚያ ጋ ያዘው፣ እየተባባሉ አራቱንም አሰሩ። ያን ያህል ቃል ከተለዋወጡ ቆይተዋል። ይበልጣል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መኪናው እንደገና ሲስተካከል ኣለምሰገድ ከፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ አይቶ አውራ ጣቱን አነሣ።

ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ይበልጣል ክሪኩን አስገባ፣ ኣለምሰገድ ብሎኬቶቹን አወጣ፣ አልጋው ቀስ እያለ ወርዶ በአራት እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆመ። ወለሉ ላይ አራት ጥቁር ክቦች ቀርተዋል፤ ፍሬወይኒ ልትፈገፍጋቸው ጨርቅ ስታነሣ እናቷ በእጃቸው ተይው አሏት። አደይ ኣስካል መጥተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እግራቸው መሬት ነካ። ጣቶቻቸውን ሲሚንቶው ላይ ትንሽ አንቀሳቀሷቸው፣ እንደ ሰው ቤት የገባ ሰው ክፍሉን ከዝቅታው ቃኙት፤ መስኮቱ ከፍ ብሎባቸዋል። ከዚያ አልጋው ሥር የቀረውን ክሪክ በእግራቸው ወደ ይበልጣል ገፋ አደረጉት።

«ወደ መኪናው መልሰው» አሉ። «መንገድ ላይ ይፈለጋል።»